ዋችሜን፦ ገጹን እንዳለ ገልብጦ ፊልም ማድረግ ለምን አልበቃም?

የድሮ ክላሲክ ኮሚኮች ጊዜ አልፎባቸዋል ወይስ ዛሬም ይነበባሉ፣ ፊልም ቢሆኑስ ያዋጣሉ ወይ የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ሰዉ የርዕስ መዓት ይደረድርና ማንም ማንንም ሳያሳምን ይበተናል። እኔ አንዱን ይዞ እስከ ጥግ መሄድ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ለዚህ ደግሞ ከዋችሜን የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። ለምን መሰላችሁ፣ አንድ ኮሚክ ሆኖ ሁለት ጭራሽ የማይገናኙ መንገዶች ተሞክረውበታል። በፈረንጆቹ 2009 ዛክ ስናይደር የኮሚኩን ገጽ ፓነል በፓነል፣ ማለትም ሳጥን በሳጥን፣ ወደ ፊልም ሊያዞር ሞከረ፣ በ2019 ደግሞ ዴመን ሊንደሎፍ ኤችቢኦ ለሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ታሪኩን መልሶ ሳይተርክ ካለቀ በኋላ ምን ሆነ የሚለውን በተከታታይ ድራማ ሰራ። ማስጠንቀቂያ፦ መጨረሻውን ጨምሮ ሁሉንም ነው የማወራው፣ ስፖይለር የሚያበሽቀው ሰው አንብቦት ይመለስ።

ኮሚኩን የጻፈው እንግሊዛዊው አለን ሙር ነው፣ የሳለው ዴቭ ጊበንስ፣ ቀለም የቀባው ጆን ሂጊንስ። ዲሲ ኮሚክስ ከ1986 እስከ 1987 በ12 ክፍል አወጣው፣ ከዛ በአንድ ጥራዝ ታትሞ ይኸው እስከዛሬ ይሸጣል። በ1988 ሁጎ የሚባለውን የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት አገኘ፣ በ2005 ደግሞ ታይም መጽሔት ከ1923 ወዲህ ከወጡ 100 ምርጥ የእንግሊዝኛ ልቦለዶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ሙር መጀመሪያ ያሰበው ዲሲ ከቻርልተን ኮሚክስ የገዛቸውን የቆዩ ገጸ ባህሪያት ሊጠቀም ነበር፣ ግን በሱ ታሪክ ከነሱ ውስጥ ገሚሱ ሞቶ ገሚሱ ከጥቅም ውጪ ሊሆን ስለሆነ ኤዲተሩ ዲክ ጆርዳኖ አዲስ ገጸ ባህሪ እንዲፈጥር ነገረው። ይሄ ያኔ ለሙር ቅር የሚያሰኝ ነገር ሊሆን ይችላል ግን ዛሬ ኮሚኩ የሚነበብበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው፣ ምክንያቱም ለመግባት ሌላ ምንም ማንበብ አያስፈልግም። ሌሎቹን የዘመኑን ታዋቂ ኮሚኮች አንስታችሁ እዩ፣ ማን የማን ወንድም እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ሌላ ሃምሳ ቅጽ ያስፈልጋችኋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጊዜው 1985 ነው ግን የኛ 1985 አይደለም፣ ኒክሰን አሁንም ፕሬዚዳንት ነው፣ አሜሪካ ቬትናምን አሸንፋለች፣ ያሸነፈችውም ዶክተር ማንሃተን የሚባል በ1959 በላቦራቶሪ አደጋ ተበታትኖ ሰማያዊ ሆኖ የተመለሰ ፊዚክስ የማይገዛው ሰው ስላላት ነው። የቀሩት ጭምብል ለባሾች ምንም ኃይል የሌላቸው ተራ ሰዎች ናቸው፣ ጎልማሶች፣ ቦርጭ ያወጡ፣ በህግ የተከለከሉ። ኮሜዲያን የሚባለው ከፎቅ ተወርውሮ ይገደላል፣ ሮርሻክ የሚባለው ህጉን እምቢ ያለ አክራሪ መመርመር ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ ገዳዩ የራሳቸው ሰው ኦዚማንዲያስ ሆኖ ይገኛል። የኒውክሌር ጦርነትን አስቀራለሁ ብሎ ኒውዮርክ ላይ ከሌላ ዓለም የመጣ የሚመስል ግዙፍ ጭራቅ ጥሎ ሚሊዮኖችን ይጨርሳል፣ ኃያላኑም ደንግጠው ይታረቃሉ።

እሺ፣ ዛሬ ሲነበብስ? የቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃት በዛን ዘመን ለነበረ ሰው እንደሚያንቀጠቅጠው ዛሬ ላያንቀጠቅጥ ይችላል፣ ያንን ማመን ነው። ከዛ በላይ ያረጀው ግን የሴቶቹ ነገር ነው። የድሮዋ ጭምብል ለባሽ ሳሊ ጁፒተር ሊደፍራት የሞከረውን ሰውዬ በኋላ ልቧ ፈቅዶ ልጅ ትወልድለታለች፣ ኮሚኩም ይሄን ውስብስብ የሰው ልብ ነው ብሎ በትንሽ ገጽ ያልፈዋል። ልጇ ሎሪ ደግሞ ከማንሃተን ቤት ወጥታ ዳን የሚባለው ሌላ ጭምብል ለባሽ ቤት ትገባለች እንጂ የራሷ የሆነ ምን እንደምትፈልግ ለማወቅ ይቸግራል፣ ለወንዶቹ እያንዳንዳቸው ሙሉ ክፍል ተሰጥቷቸው እሷ የምታገኘው ስለ አባቷ ማንነት የሚገለጥላትን ክፍል ነው። ሙርን የሚወዱ ሰዎች ይሄን ስትሏቸው ይቆጣሉ፣ ግን ገጹ ላይ ያለው ያው ነው።

ያላረጀው አሰራሩ ነው። እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የፊልሙ ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የዋችሜን ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ሶስት በሶስት ሆኖ ዘጠኝ እኩል ሳጥን ነው፣ እንደ ሰዓት ምት። ክፍል አራትን ክፈቱ፣ ማንሃተን ማርስ ላይ ተቀምጦ አሮጌ ፎቶ በእጁ ይዟል፣ ለሱ ያለፈውም የሚመጣውም አሁን ነው፣ ስለዚህ ፎቶውን ከመጣሉ በፊት እንደሚጥለው ያውቃል፣ አንዱ ሳጥን ላይ በእጁ ነው ቀጣዩ ላይ አሸዋ ላይ ወድቋል ከዛ እንደገና በእጁ ነው። እና አንባቢው እዚህ ጋ ሳያውቀው ማንሃተንን ይሆናል፣ ምክንያቱም ገጹ ላይ ያሉት ዘጠኙም ቅጽበቶች በአንድ ጊዜ ዓይኑ ስር ናቸው! ወደ ኋላ ማየት ይችላል፣ ወደ ፊት መዝለል ይችላል፣ ጊዜ በእጁ ነው። ይሄ በሳጥን በተከፋፈለ ገጽ ላይ ካልሆነ በሌላ በምንም ሊሰራ የማይችል ነገር ነው።

ክፍል አምስት ደግሞ ከዛ ይብሳል። ጠቅላላ ክፍሉ እንደ መስታወት ነው፣ የመጀመሪያው ገጽ አቀማመጥ ከመጨረሻው ጋር ይገጥማል፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው ካንድ በፊት ካለው ጋር፣ እንዲህ እያለ መሃል ላይ ኦዚማንዲያስ ሊገድለው የመጣውን ሰው የሚመታበት ሁለት ገጽ ላይ ይገናኛል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲያነበው ልብ አይለውም። በኋላ መልሶ ገልጦ አቀማመጡን ሲያስተያይ ነው የሚገባው፣ መልሶ መግለጥ የሚባለው ነገር ራሱ የንባቡ አካል ነው ማለት ነው።

ሌላው የጋዜጣ መሸጫዋ ጥግ ናት። ጋዜጣ ሻጩ በርናርድና እሱ አጠገብ ተቀምጦ ሳይገዛ የባህር ወንበዴ ኮሚክ የሚያነበው ልጅ ከጀግኖቹ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም፣ ከክፍል ክፍል እየተመለሱ ወሬ ያወራሉ፣ ሻጩ ስለ ጦርነት ይለፈልፋል፣ ልጁ አይሰማውም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሲነበብ ይሰለቻል፣ በተለይ የወንበዴው ኮሚክ። ግን ክፍል 11 መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ቀስ በቀስ የለመዳችኋቸው ተራ ሰዎች በሙሉ፣ የእስር ቤቱ ሐኪምና ሚስቱ፣ የሚጣሉት ፍቅረኛሞች፣ ሁለቱ መርማሪ ፖሊሶች፣ ሁሉም በየራሳቸው ጉዳይ እዛች ጥግ ላይ ተገናኝተዋል፣ ሻጩና ልጁ ይተቃቀፋሉ፣ ገጹ ነጭ ይሆናል። ክፍል 12 ሲከፈት ደግሞ ስድስት ተከታታይ ገጽ እያንዳንዱ አንድ ስዕል ብቻ፣ ሬሳ በሬሳ። ያን ሁሉ ጊዜ በትንንሽ ሳጥን ሲያስተነፍሷችሁ ቆይተው ድንገት ሳጥኑ ይጠፋል። ደግሞ ከሬሳው መሃል የምታውቋቸውን ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ፊልሙ። መብቱ የተገዛው ኮሚኩ ገና እየወጣ እያለ በ1986 ነው፣ ከዛ ከ20 ዓመት በላይ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ሲንከራተት ኖረ። ሳም ሃም ስክሪፕት ጻፈ፣ ቴሪ ጊሊያም ሊሰራው ይዞት ቆይቶ ተወው፣ እንዲያውም በሁለት ሰዓት ተኩል ከሚታጨቅ የአምስት ሰዓት ድራማ ቢሆን ይሻላል የሚል አቋም ላይ ነበር የደረሰው። ዳረን አሮኖፍስኪም ፖል ግሪንግራስም ተራ በተራ ገብተው ወጡ። ስናይደር ያገኘው 300 የሚባለውን የስፓርታዎቹን ኮሚክ በዛው ፓነል በመገልበጥ ዘዴ ፊልም አድርጎ ብዙ ብር ካስገባ በኋላ ነው፣ ስቱዲዮው እዛ የሰራው እዚህም ይሰራል ብሎ አሰበ። ሲያልቅ ደግሞ ፎክስ የሚባለው ስቱዲዮ መብቱ የኔ ነው ብሎ ፊልሙን የሰራውን ዋርነርን ከሰሰ፣ ታህሳስ 2008 በፈረንጆቹ ዳኛው ለፎክስ ፈረደ፣ በጥር ተስማሙና ፊልሙ በመጋቢት 2009 ወጣ። ሙር ስሙ እንዳይጠቀስ ብሎ ስለነበር ፊልሙ ላይ የምታዩት የጊበንስን ስም ብቻ ነው። ሙር ከዲሲ ጋር የነበረው ቂም የቆየ ነው፣ ውሉ መጽሐፉ መታተም ሲያቆም መብቱ ለፈጣሪዎቹ ይመለሳል የሚል ነበረ፣ መጽሐፉ ግን ተወዳጅ ስለሆነ መታተሙን አላቆመም። የራሱ ስራ ጥሩ መሆኑ ነው መብቱን ያሳጣው ማለት ይቻላል።

ስናይደር ኮሚኩን አልወደደውም ማለት አይቻልም፣ ችግሩ እንደውም ከልክ በላይ ማምለኩ ነው። አልባሳቱ፣ የክፍሎቹ ዕቃ፣ የካሜራው አንግል፣ ብዙ ቦታ ላይ ፊልሙን ፖዝ አድርጋችሁ ገጹን አጠገቡ ብታስቀምጡት ያው ነው። ጃኪ አርል ሄሊ ሮርሻክን ሆኖ ሲጫወት ከገጹ ላይ የወጣ ነው የሚመስለው። ግን የመጀመሪያውን ግድያ ውሰዱ። ኮሚኩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ባዶው አፓርታማ ውስጥ ቆመው ያወራሉ፣ በንግግራቸው መሃል ደግሞ ቀይ የሆኑ ጥቂት ሳጥኖች ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፣ ድብደባ፣ ደም፣ ውድቀት። ገዳዩን አታዩትም፣ ምን ያህል እንደቆየ አታውቁም፣ ቀሪውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ፊልሙ ላይ ግን ይሄ ረጅም የካራቴ ፍልሚያ ሆኗል፣ ግድግዳ በቡጢ ይፈርሳል፣ ስሎው ሞሽን ይገባል፣ ሙዚቃ አለ። እና ልብ በሉ፣ ኮሜዲያኑ የስልሳዎቹን ዕድሜ የጀመረ ተራ ሰው ነው። የታሪኩ ነጥብ እነዚህ ሰዎች ኃይል የላቸውም፣ ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው ብቻ የሚል ሆኖ ሳለ ፊልሙ ሁሉንም ሱፐርሂሮ አደረጋቸው። ዳንና ሎሪ ጠባብ መንገድ ላይ ከወሮበሎች ጋር የሚጣሉበት ሲንም እንደዛው ነው፣ አጥንት ቆዳ ቀዶ ሲወጣ ካሜራው ያሳያል፣ ሲኒማው ያጨበጭባል። ኮሚኩ እንዲቀፋችሁ የሰራውን ፊልሙ እንዲያምርባችሁ ሰራው፣ ስዕሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ተገለበጠ።

ይሁንና ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ወደቀ የሚሉት ሰዎች ፍትሃዊ አይደሉም። የማርሱ ሲን ማንሃተንን በሚጫወተው በቢሊ ክሩዳፕ የተረጋጋ ድምፅና በፊሊፕ ግላስ ሙዚቃ ተሰርቶ ቆንጆ ነው፣ የኮሚኩን ያህል ጭንቅላት ባያዞርም ሀዘኑን ይዞታል። የኦዚማንዲያስ ታዋቂው መልስም፣ ዕቅዱን እናስቆማለን ሲሉት ከ35 ደቂቃ በፊት ፈጽሜዋለሁ የሚለው፣ በፊልም ላይም እኩል ያደነዝዛል ምክንያቱም እሱ በሳጥን አቀማመጥ ላይ ሳይሆን በንግግር ላይ የቆመ ነው። እንደውም እዚያው ንግግር ላይ ኮሚኩ የድሮ የሲኒማ ተከታታይ ፊልሞችን መጥፎ ሰው የሚጠቅሰውን ወደ የኮሚክ መጥፎ ሰው ቀይረውታል፣ የድሮው ዛሬ ለማንም አይገባም ብለው፣ ጥሩ ነው ያደረጉት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሰራተኞቹ ስም የሚወጣበት የመግቢያው ክፍል ነው፣ በቦብ ዲላን ዘፈን ታጅቦ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የዛን ዓለም ታሪክ በሚንቀሳቀሱ ፎቶዎች የሚያሳልፈው። ጥሬ ዕቃው ከኮሚኩ ተለቃቅሞ ነው፣ አቀራረቡ ግን የትኛውም ገጽ ላይ የለም። አይገርምም? ከዚያ ሁሉ ግልበጣ ውስጥ ሰው እስካሁን የሚያነሳው ስናይደር ራሱ የፈጠረውን ነው።

መጨረሻውን መቀየሩ ብዙ ፋን አናድዷል። ጭራቁ ወጥቶ በምትኩ የማንሃተንን ኃይል በሚመስል ፍንዳታ ኒውዮርክን ጨምሮ የዓለም ከተሞች ይመታሉ፣ ጥፋቱም በማንሃተን ይመካኛል። እኔ በዚህ ፋኖቹን አልደግፍም፣ ለፊልም ይሄኛው ይጣበቃል፣ ከየት መጣ የማይባል ጭራቅ ለማስረዳት ደቂቃ አይበላም። የጎዳው ነገር ሌላ ነው። የጋዜጣ መሸጫዋ ሰዎች በሲኒማው ቅጂ ላይ አሉ ከማለት የሉም ማለት ይቀላል፣ ሲተቃቀፉ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፣ ተመልካቹ ማን እንደሆኑ አያውቅም። ስለዚህ ከተማ ሲወድም የምታዩት ኢፌክት ነው፣ ስድስቱ የሬሳ ገጾችም የሉም፣ ትልቅ ጉድጓድ ነው ያለው።

ገበያው ምን አለ? በጀቱ 130 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ 55 ሚሊዮን አስገባ፣ በሁለተኛው ወደ 18 ሚሊዮን ወረደ፣ በዓለም ዙሪያ ጠቅላላው 185 ሚሊዮን አካባቢ ላይ ቆመ። ማለትም የሚያውቀው ሰው በመጀመሪያው ቀን ሮጦ አየው፣ የማያውቀውን ሰው ይዞ የሚመጣ ግን ጠፋ።

ከአስር ዓመት በኋላ ሊንደሎፍ መጣ። ዘጠኝ ክፍል፣ ታሪኩ ከኮሚኩ 34 ዓመት በኋላ፣ ኮሚኩ ላይ የሆነው ሁሉ ሆኗል ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ጭራቁም ጭምር፣ እንደውም ከሰማይ ትንንሽ ስኩዊድ፣ ጭራቁን የሚመስል ባለ ብዙ እግር የባህር እንስሳ፣ ይዘንባል። የመጀመሪያው ሲን ግን ጀግና የለበትም፣ በ1921 ኦክላሆማ ቱልሳ ውስጥ የነጮች ሁከተኛ ቡድን የጥቁሮችን ሰፈር ግሪንውድን ያወደመበት እውነተኛ ታሪክ ነው። ከኮሚኩ ጋር ምን አገናኘው ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኮሚኩ ውስጥ ሁደድ ጀስቲስ የሚባል የመጀመሪያው ጭምብል ለባሽ አለ፣ ማንነቱ በእርግጠኝነት አይነገርም፣ ፊቱ በሙሉ የተሸፈነ ነው፣ አንገቱ ላይ ደግሞ የመስቀያ ገመድ አለ። ለ30 ዓመት አንባቢው ያን ገመድ እንደ ፋሽን አይቶ አለፈው። ሊንደሎፍና ጸሐፊዎቹ ግን አሜሪካ ውስጥ አንገቱ ላይ ገመድ ያለ ሰው ማን ሊሆን ይችላል ብለው ጠየቁ፣ ከዛ ስድስተኛው ክፍል ላይ መልሱ መጣ፣ የስራ ባልደረቦቹ ሊሰቅሉት ሞክረው የለቀቁት ጥቁር ፖሊስ ነው፣ ቆዳው እንዳይታወቅ ነው የተሸፈነው። ከጊበንስ አንድ ስዕል ላይ ተነስቶ! ይሄን ነው ኮሚክ አንብቦ መስራት የምለው።

ሮርሻክንም እንደዛው። ሙር ሮርሻክን የጻፈው ሊያስጠነቅቅ ነበር፣ አንባቢው ግን ጀግናዬ ብሎ ያዘው፣ ስናይደርም ከአንባቢው ጋር ሄደ። ድራማው ላይ የሮርሻክን ጭምብል የሚያጠልቁት የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች ናቸው። ማስታወሻ ደብተሩ ኮሚኩ መጨረሻ ላይ ለቀኝ አክራሪ ጋዜጣ ተልኮ አልነበር? ታዲያ ማን ያንበበው? ስምንተኛው ክፍል ደግሞ የክፍል አራትን ነገር፣ ሁሉንም ጊዜ በአንዴ መኖርን፣ ዘጠኝ ሳጥን ሳያስመስል ባር ውስጥ ማንሃተንና አንዲት ሴት ቁጭ ብለው በሚያወሩት ወሬ ሰራው። እሱ ወደፊት እንደሚዋደዱ ያውቃል፣ እሷ ገና አሁን ነው የተዋወቀችው፣ እሷ እየሳቀች ትሞግተዋለች። ገጽ የሚሰራውን ስራ ተዋናዮቹ ሰሩት። በ2020 ድራማው ኤሚ ለሚባለው የቴሌቪዥን ሽልማት በ26 ዘርፍ ታጭቶ 11 ወሰደ፣ ዋናዋ ተዋናይ ሬጂና ኪንግ የወሰደችውን ጨምሮ። የመጨረሻው ክፍል ሁሉንም ክር ልቋጭ ብሎ ይጣደፋል፣ መጥፎዎቹን በጣም በቀላሉ ያስወግዳቸዋል፣ ለኔ የኮሚኩን መጨረሻ ያህል አይከብድም። ሊንደሎፍ ግን ሁለተኛ ሲዝን አልሰራም ብሎ እዛው መተዉ ጥሩ ነው።

ስናይደር ሰዓት ስላነሰው ነው እንጂ የሚል ክርክር አለ፣ ጊሊያምም የሚለው ወደዛ ስለሆነ በቁም ነገር ማየት ያስፈልጋል። ደግነቱ ተሞክሯል። ሲኒማ የገባው 162 ደቂቃ ነው፣ ዳይሬክተርስ ከት የሚባለው ረዘም ያለ ቅጂ 186 ደቂቃ፣ ከሁሉም ረጅሙ አልቲሜት ከት 215 ደቂቃ፣ የመጨረሻው ላይ የጋዜጣ መሸጫዋም ተመልሳለች፣ የወንበዴውም ታሪክ በአኒሜሽን ተሰርቶ በየቦታው ገብቷል። የጎደለው ተመለሰ ማለት ነው። ሆኖም ስታዩት ወንበዴው በመጣ ቁጥር ፊልሙ ይቆማል። ኮሚኩ ላይ የወንበዴው ቃልና የጋዜጣ ሻጩ ወሬ አንድ ሳጥን ውስጥ አብረው ነው ያሉት፣ ዓይናችሁ ሁለቱን እኩል ያነባል፣ ፊልም ግን አንዱን ትቶ ወደ ሌላው መሄድ አለበት፣ ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ሙቀቱ ወርዷል። 53 ደቂቃ ተጨመረ፣ ያቺ አንድ ሳጥን ግን አልመጣችም።

ስለዚህ አንድ ሰው ክላሲክ ኮሚክ ይዞ ይሄ ፊልም ይሆናል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው የሚወደውን ገጽ ነው። የወደደው ሰዎቹ የሚሉትንና የሚያደርጉትን ከሆነ፣ እንደ 35 ደቂቃዋ መልስ፣ ይሄዳል። የወደደው ዓይኑ ገጹ ላይ የሚሰራውን ከሆነ፣ እንደ ክፍል አምስት መስታወት፣ እሱን ለኮሚኩ ትቶ ሌላ ነገር ይፈልግ። ለመጀመር ለሚፈልግ፦ ኮሚኩ በየክፍሉ ማብቂያ ያለውን ረጅም ጽሑፍ ሳይዘለል ይነበብ፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ክፍሎች ላይ ያለው የሆሊስ ሜሰን የሕይወት ታሪክ፣ ከዛ ቀጥታ ወደ ድራማው። ፊልሙን ከሁለቱ በኋላ በዳይሬክተርስ ከቱ እዩት፣ አልቲሜት ከቱ ለእንደኔ አይነቱ ፓነል ቆጣሪ ነው።